ስለ ጆን ፓሾሬክ አንድ እርማት

«በአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ታሪክ ፍጹም የመምታት አማካይ ያለው ጆን ፓሾሬክ ብቻ ነው፤ ለመምታት ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስቱንም መታ» ተብሎ የቀረበው አስተያየት በከፊል ትክክል ቢሆንም መታረም ይገባዋል። የመምታት አማካይ ማለት የተሳኩ ምቶች ብዛት ለሙከራዎች ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ፍጹሙ 1.000 ነው።

የሂውስተኑ ፓሾሬክ መስከረም መጨረሻ 1963 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር ባደረገው ብቸኛ የሊጉ ጨዋታ የወጣው ሦስት ሳይሆን አምስት ጊዜ ነው። በሁለቱ፣ ወርዋሪው አራት የተበላሹ ኳሶች ስለጣለለት በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ተሻግሯል፤ እንዲህ ያለው መውጣት ደግሞ ከመምታት አማካይ ስሌት ውጭ ስለሆነ በመዝገቡ የቀረው 3 ከ3 ነው። ቡድኑ 13 ለ 4 ሲያሸንፍ እርሱ ራሱ አራት ነጥብ አስመዝግቧል፤ ለአንድ ጎረምሳ የማይናቅ ቀን ነው።

«ብቻ» የሚለው ቃል ግን ስህተት ነው። አንድ ጊዜ ወጥተው አንድ ጊዜ መትተው ያበቁ፣ አማካያቸውም 1.000 ሆኖ የተመዘገበ ተጫዋቾች በርካታ ናቸው፤ ፓሾሬክን የሚለየው ሦስት ሙከራ ኖሮት በሙከራ ብዛት ከእነርሱ መብለጡ ነው። የሊጉ የሙሉ የተጫዋችነት ዘመን አማካይ ክብረ ወሰን ግን ቢያንስ የተወሰነ የሙከራ ብዛት ስለሚጠይቅ፣ እነዚህን ተጫዋቾች አያካትትም፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ.372 የሚመራው በጥቁሮች ሊጎች (ኔግሮ ሊግስ) የተጫወተው ጆሽ ጊብሰን ነው።

«ከዚያች ቀን በኋላ ኳስ አልነካም» የሚለውም ትዝታ ትክክል አይደለም። በ1964 የጀርባ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ እንኳ ወደ ላይኛው ሊግ ለመመለስ በታችኞቹ ሊጎች ለዓመታት ተጫውቷል።