ብሩ ይመጣል፣ ግን አያድርም

ስለ ስደት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ «ከደቡብ ወሎ ገጠር ዓረብ አገር የሚሄደው ወጣት በሚልከው ገንዘብ ወረዳው እያደገ ነው» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ብሩማ ይመጣል፤ ወረዳው ውስጥ ግን አያድርም።

እኛ አገር፣ ደቡብ ወሎ ተሁለደሬ ወረዳ፣ የእህቴ ልጅ ሪያድ ሰባት ዓመት ሠራች። የመጀመሪያው ደመወዟ ለደላላ ዕዳ ሄደ። ቀጥሎ የእናቷ ቤት ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ለበሰ። የቀረው በሙሉ ደሴ ቤት ሆነ። ምን ታድርግ? የገጠር መሬት በሕግ አይሸጥ፣ አይለወጥ። ቤቱ የሚገዛው ከተማ ነው፤ ኪራዩም ግብሩም እዚያው ይቀራል።

ደግሞ 2006ን አንርሳ። ሳዑዲ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። ጎረቤታችን አንድ ፌስታል ልብስ ይዞ መጣ። ዓመት እንኳ ሳይሞላው በጅቡቲ በኩል ተመልሶ ሄደ። እንዲህ ያለውን ሰው «ተመላሽ» ነው የምትሉት «ሂያጅ»?

እህቴ አሁን ብቻዋን ናት። ጤፉ ሲደርስ የሚያጭድላት የቀን ሠራተኛ ትቀጥራለች። የምትከፍለው ልጇ ከላከችላት ነው።