ባሕሯን የተቀማች ደሴት

ሆላንድ አገር ያለችው ኡርክ የገባሁት በአውቶቡስ ነው። ነገሩ ያስቃል፤ ኡርክ ደሴት ነበረች። ዛሬ ግን ሹፌሩ በድንችና በሽንኩርት ማሳ መሐል ሽው ብሎ ወደቡ አጠገብ ያወርድሃል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1916 ዛውደርዜ የሚባለው ባሕር ገንፍሎ ዳር ዳሩን አጥለቀለቀ። ከዚያ በፊት ኮርኔሊስ ሌሊ የሚባል መሐንዲስ ባሕሩን እንዝጋው እያለ ሲወተውት ኖሯል፤ አሁን ሰሚ አገኘ። ዕቅዱ በ1918 ሕግ ሆነ፣ በ1932 የ32 ኪሎ ሜትር ግድብ የባሕሩን አፍ ዘጋው። ጨዋማው ውሃ ቀስ በቀስ ጨው አልባ ሐይቅ ሆነ፤ የባሕሩ ዓሣም አለቀ። በ1939 ኡርክ በግድብ ከየብስ ጋር ተያያዘች፣ በ1942 ደግሞ ከጎኗ የነበረው ውሃ ተመጥጦ እርሻ ወጣው።

የኡርክ ሰው ግን ዓሣ ማጥመዱን አልተወም። መርከቡን ይዞ ወደ ሰሜን ባሕር ወጣ። አሁን ብዙዎቹ ጀልባዎች ሃርሊንገንን በመሰሉ የባሕር ወደቦች ያራግፉና ዓሣው ኡርክ ወዳለው ጨረታ በካሚዮን ይመጣል! እሑድ ግን የሚያጠምድ የለም። ሰንበት አክባሪነታቸው እናቴን ያስደስታት ነበር።

እኔ ያደግሁት ዝዋይ ነው። እኛም ደሴተኞች አሉን፤ ዛዮች። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ደግሞ በዮዲት ዘመን ጽላተ ጽዮን ተሰድዳ ያረፈችበት ነው የሚባለው ደብራቸው አለ። ልጅ ሆኜ ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ሲበለት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ዕድር ሽማግሌ ከበው ቆመው አንጀቱን ሲጠብቁ አይ ነበር። በኋላ ሆላንዶች እዚያው ሐይቅ ዳር መጥተው ጽጌረዳ ተከሉ። ውሃው ከሐይቁ ይሳባል፣ አበባው ሆላንድ አልስሜር ያለው የአበባ ጨረታ ላይ ሳይቀር ይሸጣል። ሥራ አልፈጠረም አልልም፤ የሰፈሬ ልጆች እንጀራቸውን በልተውበታል።

ያስቀናኝ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ሆላንድ ባሕሩ ከመዘጋቱ 7 ዓመት ቀድሞ፣ በ1925፣ ኑሯቸው ለሚናጋ አስጋሪዎች የድጎማ ሕግ ወጥቷል። ገንዘቡ አነሰን ብለው አማርረዋል፤ ቢሆንም የሚያማርሩበት ወረቀት ነበራቸው። ማን አስጋሪ እንደሆነ ተጽፏል። እኛ ዘንድ የሐይቁ ውሃ በየዓመቱ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ስንት ሰው ከዚያ ሐይቅ ይበላል ብሎ በራችንን ያንኳኳ ሰው አላስታውስም።

ወደቡ አጠገብ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ፊቷን ወደ ውሃው የመለሰች የሴት ሐውልት አለች። በ1968 ንግሥት ዩልያና የመረቀቻት ናት። ዙሪያዋን ባሕር የበላቸው ሰዎች ስም ከነዕድሜያቸው ተቀርጿል። አንዳንዱ ገና ልጅ ነው፤ አንዳንድ ቦታ አባትና ልጅ አንድ ላይ ናቸው። አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው በጣታቸው ስም ይዳስሱ ነበር፣ ዞር አልኩላቸው።

እኛ ሰፈርም በማዕበል ታንኳው ተገልብጦ የሰመጠ ጎረቤት ነበረን። ማታ ለእናቴ ደወልኩና ስሙን ከነአባቱ ጠየቅኋት።

«ስሙን?» አለች። ትንሽ ቆየች። «ቄሱ ሲፈቱት በክርስትና ስሙ ነው የጠሩት፣ እሱም ጠፋኝ። እኛማ ባለታንኳው ነበር የምንለው።»