ቁጠባው ከመድኃኒት መደርደሪያው አይጀምር

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በአገሪቱ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች። የሐይቅና የአካባቢው ገበሬ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ስለ መድን ገና ሳይሰማ መዋጮውን ከፍሎ፣ መታወቂያውን ይዞ ታክሟል። ወሎ ለዚህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መድኑ በደቡብም በሰሜንም ወሎ ተስፋፍቶ መታወቂያው እሩቅ ቀበሌ ድረስ ገብቷል። መድኃኒቱ ግን ብዙ ጊዜ አብሮት አልገባም።

ከገጠር ወደ ደሴ በሪፈር የመጣች አንዲት እናት የሚገጥማትን ላስረዳ። ካርድ ታወጣለች፣ ሐኪም ያያታል፣ የምርመራው ወጪ በመድን ይሸፈናል። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ስትደርስ የሐኪሙ ማዘዣ ይመለስላታል። «ይኼ የለም እናቴ፣ ከውጭ ግዢው» ትባላለች። ውጭ ያለው መድኃኒት ቤት ዋጋውን ሲነግራት የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ የቋጠረችውን ብር ትቆጥራለች፤ አይሞላም። «እንግዲያው ግማሹን ስጠኝ ልጄ» ትለዋለች። ግማሽ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይዛ ወደ መናኸሪያ ትሄዳለች። በሽታዋ በዚህ አይድንም፤ ይልቁንም ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እንዲለምዱት እናደርጋለን። ይህች ሴት በሚቀጥለው ዓመት የቀበሌው መዋጮ ሰብሳቢ በሯን ሲያንኳኳ «አልከፍልም» ብትል ማን ሊፈርድባት ይችላል?

የችግሩ ሰንሰለት ከመስኮቱ ጀርባ ይጀምራል። ለጤና ጣቢያ ከሚመደበው የመንግሥት በጀት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደመወዝ ነው። መድኃኒት የሚገዛው በአብዛኛው ከውስጥ ገቢ፣ ማለትም ከታካሚ ከተሰበሰበውና መድኑ ከሚከፍለው ገንዘብ ነው። ጤና ተቋሙ ለአባላት የሰጠውን አገልግሎት በየሩብ ዓመቱ አስልቶ ለመድኑ ያቀርባል፤ ክፍያው ሲዘገይ ለመንግሥት መድኃኒት አቅራቢ ድርጅት የሚከፍለው ያጣል። መደርደሪያው ይራቆታል፤ አባላት ከኪሳቸው ይገዛሉ፤ ጤነኛው አባልነቱን ሳያድስ ይቀራል። በአባልነት የሚቆዩት በአብዛኛው ሕመም የጸናባቸው ናቸው፣ ወጪያቸውም ከመዋጮው በላይ ነው። መድኑ ይበልጥ ይከስራል፣ ክፍያውም ይበልጥ ይዘገያል።

በዚህ ላይ ሌሎች ጫናዎች ተደርበዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴና የወልዲያ ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል፤ ገና ከዚያ ጉዳት ሳናገግም ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት፣ የላቦራቶሪ ኬሚካልና የመለዋወጫ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አቋረጠ። ገንዘቡ አነሰ የሚሉ ኃላፊዎች እውነታቸውን ነው። ክርክሬ ያነሰው ገንዘብ መጀመሪያ የት ይዋል በሚለው ላይ ነው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ መሠረታዊ መድኃኒት ከሁሉ ይቅደም። በጀት ሲጠብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቆረጠው የመድኃኒት መግዣና የሕክምና መሣሪያ መጠገኛ ነው፣ ምክንያቱም እነዚህ ድምፅ የላቸውም። አዲስ ሕንፃ ምረቃ አለው፤ ስብሰባም አበል አለው። በበቂ መድኃኒት የተሞላ መደርደሪያ ግን ማንም ሪባን አይቆርጥለትም። ባለሙያና መድኃኒት ለሌለው አዲስ ጤና ኬላ ግንብ የሚያቆም ወረዳ፣ ያለውን ጤና ጣቢያ የሚሞላበትን ገንዘብ ነው በድንጋይና በሲሚንቶ የሚቀብረው። እንዲህ ያለው ግንባታ ለጊዜው ይቁም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ።

የጤና ባለሙያውን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ማዘግየትም ቁጠባ አይባልም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱት በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲያዋልድ ያደረ አዋላጅ ነርስ ክፍያው ለወራት ከተያዘበት፣ ከተማ ወጥቶ በግል ክሊኒክ ቢቀጠር አይደንቅም። እሱን ለመተካት የሚወጣው ደግሞ ከተያዘበት ገንዘብ የሚበልጥ ነው።

ሳይባክን ሊቀር የሚችል ገንዘብም አለ። በአንዱ ጤና ጣቢያ የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ መድኃኒት ተከማችቶ ይታያል፤ በጎረቤት ወረዳ ያው መድኃኒት ጠፍቶ ሕመምተኛ ይመለሳል። ይህን ለማዘዋወር የሚያስፈልገው በየወሩ የተረፈውንና የጎደለውን የሚያሳይ አንድ የዞን ዝርዝርና መኪና ነው። ወባም እንዲሁ ነው። ኮምቦልቻ፣ ባቲና ቆቦ አካባቢ ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ እንደምታይል እያወቅን፣ ውኃ ያቆረ ቦታ ማፋሰሻውንና የአጎበር ሥራውን ወረርሽኙ ከገባ በኋላ መጀመር ውድ ነው።

መዋጮ መጨመር አይቀርም የሚሉ አሉ፤ ምናልባት እውነት ይሆናል። ግን የወሎ ሰው ለቅሬ፣ ማለትም ለዕድሩ፣ ያለ ቅሬታ ይከፍላል። ቅሬው ሰው የሞተበት ዕለት ድንኳኑን ይዞ ይደርሳል፤ ሒሳቡም በአባላት ፊት ይነበባል፤ ገንዘብ ያዡ ሲጠየቅ ይመልሳል። መድኑስ? አባሉ ባለፈው ዓመት ከወረዳው ስንት ብር እንደተሰበሰበ፣ ስንቱ ለየትኛው ጤና ጣቢያ እንደተከፈለ፣ ስንቱ ውዝፍ እንደሆነ በየቀበሌው ሲነበብ ሰምቶ ያውቃል? ያንን ሳያደርጉ «መዋጮ ጨምሩ» ማለት ሰውን መናቅ ነው።

የመሰብሰቢያው ጊዜም ይታሰብበት። መዋጮው በአብዛኛው የሚሰበሰበው የመኸር ምርት ከገባ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ደላንታን፣ ዋድላንና ተንታን በመሰሉ ደጋማ አካባቢዎች ግን በበልግ የሚኖር ብዙ ገበሬ አለ። እሱ በየካቲት ዘር እየዘራ ነው፤ እህሉን የሚያየው በሰኔና በሐምሌ ነው። ባዶ እጁን በሆነበት ወር ክፈል ተብሎ ሳይከፍል ሲቀር ግንዛቤ ይጎድለዋል እየተባለ ይወቀሳል። በበልግ አምራች ቀበሌዎች ክፍያው ከበልጉ ምርት በኋላ ወይም በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ቢሰበሰብ፣ ምንም ተጨማሪ በጀት ሳይጠይቅ አባል ይጨምራል።

የወረዳ ምክር ቤት አባላት የዓመቱን በጀት ለማጽደቅ ሲቀመጡ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ወፍራም ሪፖርት ይቀርብላቸዋል። ከማጨብጨባቸው በፊት ኃላፊውን እንዲጠይቁልኝ የምፈልገው ይኸን ነው፦ ያለፈው ሩብ ዓመት የመድን ክፍያ ለጤና ጣቢያዎቻችን ገብቷል ወይ? ካልገባስ ማን ጋ ቆመ? ዛሬ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ውስጥ የትኞቹ የሉም፣ ከመቼ ጀምሮ? መልሱ በቁጥርና በቀን ካልቀረበ በጀቱን አያጽድቁት።