በሽማግሌ ፊት ስላዋረዱን ጉዳይ፦ ለክቡር የበር ክሊፕ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የበር ፓኔል ክሊፕ
የቀኝ የፊት በር፣ የታችኛው ጥግ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታዎ መለየትዎን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

ጤንነትዎን በጠየቅሁ ነበር፤ ነገር ግን ግማሽዎ በፓኔሉ ጀርባ ተሰክቶ፣ ግማሽዎ በበሩ ሆድ ውስጥ ወድቆ እንደሚገኙ ስለማውቅ ጥያቄው እንደ ሽሙጥ እንዳይቆጠርብኝ ትቼዋለሁ። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍሁት፣ በእኔና በእርስዎ መካከል ተሸፍኖ ሊቀር ይችል የነበረው ጉድ ባለፈው እሑድ ከብቸና ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር፣ በሰው ደጅ፣ በሽማግሌ ፊት ስለተገለጠ ነው። ሌሎች አቤቱታዎችም አሉኝ፤ እነሱ ግን ተራቸውን ይጠብቁ፤ ተራ መጠበቅን እንኳ ሁላችንም ተምረነዋል።

አንባቢዎች ያውቁዎታል ብዬ አምናለሁ። አሮጌ መኪና ይዞ እርስዎን የማያውቅ ሰው ካለ የበሩን የውስጥ ልባስ አንሥቶ አያውቅም ማለት ነው። ለወጉ ያህል ግን ላስተዋውቅዎ፦ ከናይለን የተሠሩ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጡ፣ ጭንቅላትዎን በፓኔሉ ጀርባ ካለው መሰኪያ አሳርፈው፣ እግርዎን በላሜራው ቀዳዳ ካስገቡ በኋላ ክንፍዎን ዘርግተው የሚቀመጡ ባለ ሥልጣን ነዎት። ወደ ወንበሩ ለመግባት አንድ የመዳፍ ምት ይበቃዎታል። ለመውጣት ግን ይሰበራሉ እንጂ በፈቃድዎ አይለቁም፤ ባለ ሥልጣንነትዎን የሚጠራጠር ካለ ይህን ብቻ ይመልከት።

በሩን የከፈትሁት ሥራ ፈትቼ አልነበረም። በነሐሴ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ የቀኙ መስታወት ወርዶ በዚያው ቀረ። የደብረ ማርቆስን የነሐሴ ዝናብ በተከፈተ መስኮት የተቀበለ ሰው ለምን እንደቸኮልሁ ይገባዋል። ጋራዥ ሄዶ «ነገ ና» ከመባል ራሴ ልሥራው ብዬ፣ የሚጠበቅብኝን ሁሉ አንድ በአንድ ፈጸምሁ። በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። (የኤርባግ መስመር ባለበት አካባቢ የሚሠራ ሰው ይህን ሳያደርግ ቢጫ ሶኬት አይንካ፤ መመሪያዎቹ እንደ መኪናው ዓይነት 90 ሴኮንድ ወይም 3 ደቂቃ ጠብቁ ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ለመጠበቅ ማን ብሎን።) ከበር መክፈቻው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ክዳን አንሥቼ ብሎኑን ፈታሁ፤ ከክንድ ማሳረፊያው ሥር ያለውንም እንዲሁ። የመስታወቱን ማብሪያ ማጥፊያ ከነቤቱ አንሥቼ፣ የሶኬቱን ምላስ ተጭኜ ለየሁት። የስፖኪዮውን ባለ ሦስት ማዕዘን ክዳን አወረድሁ።

ለእርስዎም ተገቢውን ክብር አልነፈግሁም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ የተቀመጠች በመሆኗ ጠዋቷ ፕላስቲክን ያደነድናል፤ የቀን ፀሐይዋ ደግሞ እርጅናውን ያፋጥናል። ስለዚህ ሰማዩ ገለጥ ባለበት ቀን መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቁሜ በሩ እስኪሞቅ ታገሥሁ። በብረት ካቻቪቴ አልጎረጎርሁዎትም፤ ቀለሙ ተፍቆ ላሜራው እንዳይዝግ በጨርቅ የተጠቀለለ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ይዤ፣ ከታችኛው ጥግ ጀምሬ፣ እርስዎ ካሉበት ነጥብ ሥር ጠጋ ብዬ በቀጥታ ወደ ውጭ ሳብሁ። እርስዎም «ቀጭ» አሉ። ጭንቅላትዎ ከፓኔሉ ጋር መጣ፤ እግርዎ በላሜራው ቀዳዳ ውስጥ አንድ አፍታ ቆይቶ፣ ፊቴን እያየ፣ ወደ በሩ ሆድ ወረደ። ባልደረቦችዎም አለቃቸውን ተከትለው ተራ በተራ ሥራ ለቀቁ። መስታወቱ ተሠራ፤ ፓኔሉም ላይኛው ጠርዙ በመስታወቱ መውጫ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በሁለቱ ብሎኖችና ከእልቂቱ በተረፉት ጥቂት ወገኖችዎ ተደግፎ፣ ተኪ እስኪገኝ ድረስ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አሁን ወደ እሑዱ ጉዳይ ልምጣ።

ለታናሽ ወንድሜ ሚስት ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ተመርጠው፣ በሉማሜና በደጀን በኩል አድርገን ወደ ብቸና ወጣን። ከፊት ወንበር የተቀመጡት ዕድሜያቸውን በቅኔ ማኅበር ያሳለፉ፣ በአካባቢያችን ያለ እሳቸው ሽምግልና ተጀመረ የማይባል መሪጌታ ነበሩ። ጥቁር ካባ ደርበዋል፤ ነጭ ጥምጥማቸው ላይ አንዲት እጥፋት አልተዛነፈችም። አስፋልቱን ጨርሰን የመንደሩን የጠጠር መንገድ ስንጀምር እርስዎ በበሩ ሆድ ውስጥ ሆነው መንከላወስ ጀመሩ፤ መሪጌታም «ልጄ፣ በዚህ በር ውስጥ የሚያጉረመርመው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ትንሽ ፕላስቲክ ናት፣ የኔታ» አልሁ። እሳቸውም «ትንሽ ከሆነች ለምን ይህን ያህል ትናገራለች?» ብለው ዝም አሉ።

ከደጁ ደረስን። የልጅቱ አባት፣ አጎቶቿና ጎረቤቶቻቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ከአጥሩ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። መሪጌታ በሩን ከፍተው፣ በግራ እጃቸው ዱላቸውን መሬት ተክለው፣ በቀኝ እጃቸው የበሩን መያዣ ጨብጠው ለመነሣት ክብደታቸውን ጣሉበት። በመጀመሪያ ከታች አንድ «ቀጭ» ተሰማ። ቀጥሎ የተረፉት ወገኖችዎ አንድ ላይ ተንጫጩ። የመያዣው ብሎን ከነመቀመጫው ተነቅሎ ወጣ፤ የላይኛው ጠርዝ ከተንጠለጠለበት ተፈናጠረ፤ መሪጌታም ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተንገዳግደው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሙ። ሲቆሙ ግን ፓኔሉ ሙሉ በሙሉ በእጃቸው ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ የታየውን ልንገርዎ። ባለ ጥምጥሙ አዛውንት ካባቸውን እንደደረቡ፣ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው ግራጫ ፓኔል ይዘው በሰው ደጅ ሲቆሙ፣ ጋሻና ጦር ይዞ ለዘመቻ የተሰለፈ አርበኛ መሰሉ። ሥርዓቱን ያፋለሰው ጋሻው በቀኝ፣ ጦሩ በግራ መሆኑ ብቻ ነበር። ከአጎቶቿ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሽማግሌ በሰላም ይመጣል ሲባል ነበር የምንሰማው፤ ዘንድሮ ጋሻ ይዞ መምጣት ተጀመረ እንዴ?» አለ። መሪጌታ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ «ጋሻችንን የምናስረክበው ልጅቱን ስትሰጡን ነው» ብለው መለሱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አነሡ፤ እኔ ግን አንገቴን የማስገባበት አጣሁ።

ውርደቱ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ፓኔሉ ከላሜራው ተላቀቀ እንጂ ከሽቦው አልተላቀቀም፤ የመስታወቱ ማብሪያ ማጥፊያ ሶኬትና የበር መክፈቻው ገመድ ከበሩ ጋር አስረውታል። ስለዚህ የልጅቱ ቤተሰብ ለሰላምታ እጁን ዘርግቶ፣ መሪጌታ ፓኔሉን ተሸክመው፣ እኔ በክት ልብሴ በአቧራው ላይ ተንበርክኬ የሶኬቱን ምላስ ስጫን ቆየን። የገመዱ ጫፍ ደግሞ ከመክፈቻው ጀርባ ካለችው የፕላስቲክ ማቀፊያ አልወጣ አለ፤ እሷም የእርስዎ ዘመድ መሆኗን ከጠባይዋ ዐወቅሁ። «ልጄ፣ ቶሎ በል እንጂ፤ ክንዴ ዛለ» የሚለው የመሪጌታ ድምፅ ከራሴ በላይ ይሰማኛል። አንድ ሕፃን ልጅ በእግሮቻችን መካከል ሾልኮ የበሩን ባዶ ሆድ፣ የተንጠለጠለውን ላስቲክና ጥቁሩን ሙጫ ካየ በኋላ ወደ እናቱ እየሮጠ «እማ፣ መኪናቸው ውስጡ ባዶ ነው!» ብሎ አወጀ።

ቤት ገብተን ነገሩ ከተነሣ በኋላ እንደ ወጉ የልጁ ሥራ፣ ጠባይና ንብረት ተጠየቀ። ስለ ንብረት ሲነሣ የሁሉም ዓይን በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ሄደ። እናቲቱ ቀስ ብለው «መኪናው የልጁ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። የወንድሙ መሆኑ ሲነገራቸው «ተመስገን» ሲሉ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። መልሱን ለመስማት ሌላ ቀጠሮ ተሰጠን። ቀጠሮ መስጠት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሲሸኙን ከአጎቶቹ አንዱ «በሚቀጥለው በአውቶቡስ ብትመጡም አንቀየምም» ማለቱ የተለመደ አይደለም።

መሪጌታ ቢወድቁስ ኖሮ? ስማ፣ አንተ ጥፍር የማታህል ፕላስቲክ! ስቀን የተመለስነው አዛውንቱ በዱላቸው ስለተደገፉ ብቻ ነው። በዚያ ዕድሜ አንድ ጊዜ መውደቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንተን የቀረጸህ ሰው አያውቅም? አያት የለውም? አንድ ሰው በሙሉ ክብደቱ የሚይዘውን መያዣ በብሎን አሰሩት፤ ደግ አደረጉ፤ ብሎኑን ግን በላሜራው ላይ በገባች የፕላስቲክ መቀመጫ ውስጥ አጠበቁት፤ መቀመጫዋ ስታረጅ ብሎኑ ምን ይያዝ? አንተን በፋብሪካ የሰካህ እጅ አንድ ጊዜ መታህና ወደ ቀጣዩ መኪና አለፈ። እሱ የተከፈለው አንተን ለማስገባት ነው። አንተን አውጥቶ መልሶ ስለሚያስገባው ሰው ያሰበ አልነበረም። ያ ሰው ግን እኔ ነኝ፤ መኪናዋ ሌሎች አገር በልጅነቷ ከተነዳች በኋላ በእርጅናዋ የተረከብናት እኛ ነን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህማ ያለችንን አሮጌ እየፈታን እየገጠምን ከማቆየት ሌላ ምን ምርጫ አለን? ሞተሯ ዛሬም በአንድ ቁልፍ ይነሣል፤ የዓባይን በረሃ ወርዳ ትወጣለች። እኛን በሰው ደጅ ያስነወርኸን አንተ ነህ።

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ፤ ወደ ደብዳቤው ወግ ልመለስ።

ተኪዎን ስለ መፈለግ ጥቂት ልበል። መለዋወጫ ቤት ገብቶ «የበር ክሊፕ አለ?» ብሎ መጠየቅ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ባለ ሱቁ ስልኩን ሳያስቀምጥ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ፌስታል አውጥቶ ይዘረግፋል፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሁሉም እርስዎን የሚመስሉ፣ አንዳቸውም እርስዎን ያልሆኑ። ለናሙና የተሰበረውን ጭንቅላትዎን አሳያለሁ፤ እሱ «እግሩስ?» ይላል፤ እግሩ በበሩ ሆድ ውስጥ ነው። በግምት ገዝቼ ስመለስ ወፍራሙ ከቀዳዳው አይገባም፤ ቀጭኑ ይገባና ያለ ምንም ተቃውሞ ይወጣል፤ ልክ የሆነው ደግሞ ጭንቅላቱ ከፓኔሉ መሰኪያ አይገጥምም። ሌላው ሱቅ ክሊፑን ለብቻው አልሸጥም፣ ፓኔሉን ሙሉ ውሰድ አለ፤ ከልባሱ ጋር በሩን፣ ከበሩም ጋር መኪናውን እንድወስድለት ያልጠየቀኝ ደንበኛ ስለመጣበት ይመስለኛል። አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ሁሉ «ሶማሌ ተራ ብቅ ካልህ» የሚል አደራ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሲመለስ «ረሳሁት» የሚል አደራ ተሸክሞ ይመጣል።

ዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ሳይቀድመኝ ልጥቀሰው፤ ባለሙያው በሩን በጣቱ ገፋ አድርጎ ሲንቀጫቀጭ ቅጹ ላይ የጻፈውን እርስዎም እኔም እናውቃለን።

በነዳጅ ወረፋ ላይ መኪናዋ በእጅ ስትገፋ ከበሩ የሚሰማውን የእርስዎን አስተያየትም አልወደድሁትም።

ስለ ላስቲኩ ግን ዝም አልልም። ከፓኔሉ ጀርባ በጥቁር ሙጫ የተለጠፈው ላስቲክ ጌጥ አይደለም፤ በመስታወቱ ጠርዝ ሾልኮ ወደ በሩ የሚገባው ዝናብ በታች ባሉት ቀዳዳዎች ወደ ውጭ እንዲፈስ እንጂ ወደ ወለሉ ምንጣፍ እንዳይመጣ የሚከለክለው እሱ ነው። እኔ ሙጫውን ቀስ አድርጌ ላጥሁት፤ መልሼም አስተካክዬ ለጠፍሁት። እርስዎ ግን ግማሽ አካልዎን ከውሃ መውጫው ቀዳዳ ላይ አጋድመው ተኙበት። በሩ ውሃ አቁሮ ስሄድ «ዋጭ ዋጭ» የሚለው፣ መንገደኛም ጀሪካን የጫንሁ መስሎት ዞር ብሎ የሚያየኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የሚከተለው ውሳኔ ላይ ደርሻለሁ። የሽምግልናው ቀጠሮ ከመድረሱ በፊት በቦታዎ ባለ ጥርስ ብሎን ከነሰፊ ሮንደላው ይሾማል። ውበት እንደሌለው አውቃለሁ፤ ጭንቅላቱ በፓኔሉ ፊት ላይ አፍጥጦ ይታያል፤ እሱ ግን በካቻቪቴ ሲጠሩት ይመጣል፣ ሲመልሱት ይገባል፣ ለመውጣትም መሞት አያስፈልገውም። እርስዎም ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን ዐውቀው ርክክብ እንዲያደርጉ አስታውቃለሁ። ጭንቅላትዎን ተረክቤአለሁ፤ ከበሩ ሆድ ውስጥ የቀረውን እግርዎን ሳያስረክቡ ግን ክሊራንስ አይሰጥዎትም።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናዋ ባለቤት
ደብረ ማርቆስ