ያጠፋሁት መብራት የት ገባ?

ዛሬስ በቃኝ! የወሩን የብድር መግለጫ ከፍቼ አየሁት። ከከፈልኩት ገንዘብ ዋናውን ዕዳ የነካው ቅንጥብጣቢው ብቻ ነው። ሌላው ወለድ ነው። ከላዩ ደግሞ ቅጣት። ለምን? ሁለት ቀን ስለዘገየሁ። ሁለት ቀን!

እኔ እኮ ወሩን ሙሉ ሳንቲም ስለቅም ነው የከረምኩት። 60 ዋት የሚበሉትን አምፖሎች ነቅዬ በ9 ዋት ኤልኢዲ ቀየርኩ። የውሃ ማሞቂያውን ለመታጠቢያ ካልሆነ አልሰካውም። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አስጠገንኩ። "መብራት አጥፉ! ቻርጀር ንቀሉ!" እያልኩ ድምፄ ተዘጋ። ልጆቼ እኔን ሲያዩ ገና ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ይሮጣሉ። አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው። የእነሱ ቁጠባ ጭምር በአንድ መስመር ቅጣት ተበላ።

አሠራሩን ላላወቀ ሰው ልንገር። በብዙ ብድሮች ክፍያ ሲገባ መጀመሪያ ቅጣቱ ይነሳል። ከዚያ ወለዱ። ለዋናው የሚደርሰው ትራፊው ነው። ዋናው ካልቀነሰ ወለዱ በምን ይቀንሳል? በወንፊት ውሃ መቅዳት ማለት ይሄ አይደለም?

የመብራት ቢሉም ቢሆን ያው ነው። ቋሚ የአገልግሎት ክፍያ የሚባል አለበት። ዓመቱን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ብቀመጥም አይነካም።

"ወጪ ቀንስ" ይሉኛል። ከየቱ ላይ? ምን ቀረኝና?

ከእንግዲህ ተጨማሪ የምከፍለው ከዋናው ዕዳ ይቀነስልኝ ብዬ ዛሬ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። ተቀባይነት ካጣ ነገም እጽፋለሁ። የልጆቼን ድካም ዝም ብዬ አላስበላም።