የአልፍሬድ ትርጉም ለማን ነበር?
በደቡብ እንግሊዝ የነበረው የዌሴክስ መንግሥት ንጉሥ አልፍሬድ (እ.ኤ.አ. 871–899) መጻሕፍትን ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ ያስተረጎመው «ሕዝቡ ሁሉ እንዲያነብ» ነው የሚለው አባባል አያስኬድም። ንጉሡ የሮማው ሊቀ ጳጳስ የታላቁ ጎርጎርዮስን የእረኝነት መጽሐፍ (ለጳጳሳት የተጻፈ መመሪያ) ሲያስተረጉም በጻፈው መቅድም ላይ ንባብ እንዲማሩ የፈለገው ነጻ ሆነው የተወለዱና አቅም ያላቸው ወጣቶች ናቸው። ያስተረጎመው «የላቲን ዕውቀት ስለተዳከመ ነው» የሚሉ ሰዎች በከፊል ትክክል ናቸው፤ ንጉሡም ይህንኑ አማርሯል። ነገር ግን ጉዳዩ የሹመትም ነበር፦ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ዌልሳዊው መነኩሴ አሰር እንደሚለው፣ ፍርድ ያጓደሉ ዳኞች ካልተማሩ ሥልጣናቸውን እንደሚያጡ ተነግሯቸው በስተርጅና ፊደል መቁጠር ጀመሩ፤ ያልሆነላቸው ደግሞ (ሳያሳዝኑ አይቀሩም) ልጃቸው ወይም ባሪያቸው ቀንም ሌሊትም እንዲያነብላቸው ታዘዙ።