ማስተሩ ማን እጅ ነበር?

ሰሞኑን አንድ የዩቲዩብ የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ ሙዚቀኞችን እየመረጠ የሚያከብረው የአሜሪካው የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ወሬ ተነሳ። ማን ገባ፣ ማን ቀረ የሚለው የየዓመቱ ጭቅጭቅ ነው፤ እሱስ ባልከፋ። አዘጋጁ ግን ሳቅ ብሎ እንዲህ አለ፦ «ባለ አንድ ዘፈን ባንድማ ባንድ አይባልም። ሎተሪ ነው የወጣለት።» እንግዳውም አብሮት ሳቀ። እኔን ግን አናደደኝ።

ሎተሪ! ሎተሪ የቆረጠ ሰው ዕጣው እስኪወጣ ለጥ ብሎ ይተኛል። ከንግግሩ ሁሉ በጣም ደካማው ይህ ነውና እሱኑ ልያዘው።

ስሙን በጥያቄ ምልክት የሚጽፍ ባንድ አለ። «?» ተብሎ ይጻፍና «ኩዌስችን ማርክ ኤንድ ዘ ሚስቴሪያንስ» ተብሎ ይነበባል። ልጆቹ ሚሺጋን ውስጥ በቤይ ሲቲና በሳጊኖ አካባቢ ያደጉ ናቸው። ቤተሰቦቻቸው የሜክሲኮ ተወላጆች ሲሆኑ እዚያ የደረሱት የእርሻ ሥራ ፍለጋ ነው። ዘፋኙ ሩዲ ማርቲኔዝ ጥቁር መነጽሩን አያወልቅም፣ ከማርስ ነው የመጣሁት ይላል፣ ስሙንም በሕግ ወደ «?» አስቀይሯል። ትንሽ ነካ ያደርገዋል ልትሉ ትችላላችሁ። ይሁን። ግን ባንዱ የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1962 ነው። ዘፈኑ የተቀዳው ደግሞ በ1966 ሚያዝያ ወር፣ ቤይ ሲቲ ውስጥ አንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ በነበረ ስቱዲዮ ነው። በመሀል አራት ዓመት አለ። አራት ዓመት ሙሉ በየመድረኩ የለፋ ሰው ሎተሪ ወጣለት ይባላል?

ዘፈኑ «ናይንቲ ሲክስ ቲርስ» ይባላል። ስሙን ባታውቁት እንኳ ኦርጋኑን ስትሰሙ ታውቁታላችሁ። የሚጫወተው ፍራንክ ሮድሪጌዝ ነው፤ ያኔ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ። አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይደጋግማታል፣ ይደጋግማታል፣ ጆሮህ ውስጥ ገብታ አልወጣም እስክትል ድረስ። ማርቲኔዝ ደግሞ ከመዝፈን ይልቅ ይዝታል። የተወችው ልጅ አንድ ቀን ታለቅሳለች፤ እንባዋንም ቆጥሮ ይነግራታል፣ 96። መጀመሪያ ፓ ጎ ጎ በሚባል ኢምንት የአካባቢ አሳታሚ ወጣ። የፍሊንትና የዲትሮይት ሬዲዮ ጣቢያዎች አራገቡት። ከዚያ የፊላደልፊያው አሳታሚ ካሜዮ ፓርክዌይ ወሰደው፤ ጥቅምት 29 ቀን 1966 የአሜሪካ ዘፈኖች ደረጃ በሚወጣበት የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ 1ኛ ሆነ። ከሚሊዮን በላይ ሸክላም ተሸጠ።

«አንድ ብቻ» የሚለውም ቢሆን ልክ አይደለም። ቀጥሎ የወጣው «አይ ኒድ ሰምባዲ» 22ኛ ደርሷል። እሺ፣ እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ግን በዚያ ዘመን 22ኛ መድረስ ስንቱ ያለቀሰበት ነገር ነው።

እንግዲህ አዘጋጁ ሊጠይቅ ሲገባው ያልጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ማስተሩ ማን እጅ ነበር? ማስተር ማለት ዋናው ቅጂ ነው። ሸክላውም፣ ካሴቱም፣ ሲዲውም የሚባዛው ከሱ ነው። ማስተሩ ያንተ ካልሆነ ዘፈኑን አንተ ብትጽፈው፣ አንተ ብትዘፍነው፣ እናትህ ብታለቅስበት ዋጋ የለውም። መቼ እንደሚወጣና መቼ መሳቢያ ውስጥ እንደሚቆለፍ የሚወስነው ባለማስተሩ ነው።

ካሜዮ ፓርክዌይ ገና ከዓመት በኋላ፣ በ1967፣ ችግር ውስጥ ገባና አለን ክላይን በሚባለው ሰው እጅ ወደቀ። ክላይንን ታውቁታላችሁ፤ የሮሊንግ ስቶንስን የ60ዎቹ ቅጂዎች የጠቀለለው ሰውዬ ነው። ኩባንያውን አብኮ ብሎ ሰየመውና የካሜዮን ንብረት ይዞ ተቀመጠ። ሲዲ የሚባለው ነገር ተፈጠረ፣ ዓለምን ገዛ፣ ሊያልቅለትም ተቃረበ፤ «ናይንቲ ሲክስ ቲርስ» በዋናው ቅጂ በሕጋዊ መንገድ ሲዲ ላይ የወጣው በ2005 ነው። ክላይን እጅ ከወደቀ 38 ዓመት! ባንዱ ምን አማራጭ ነበረው? በ1997 ስቱዲዮ ገብቶ የገዛ ዘፈኑን እንደ አዲስ ቀዳው። ጎልማሶች ቁጭ ብለው በልጅነታቸው የዘፈኑትን ራሳቸው አስመስለው ዘፈኑ። ይህን አይቶ «ሎተሪ» የሚል ሰው ሎተሪ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ሌላው ዓለም እስከዚያ ድረስ ምን ሲያደርግ ነበር? ሲዘፍነው። አሬታ ፍራንክሊን በ1967 ዘፈነችው። ዘ ስትራንግለርስ በ1990 ዘፍነውት እንግሊዝ ውስጥ 17ኛ ደረሱበት። ባንዱ በ1967 የቀዳውንና ያኔ ብዙም ያልገፋውን «ካንት ጌት ኢነፍ ኦፍ ዩ ቤቢ»ን ደግሞ ስማሽ ማውዝ በ1998 አንስቶ ሂት አደረገው። ልብ በሉ፤ በ60ዎቹ አልሄደም የተባለው ዘፈን ከ31 ዓመት በኋላ ሌላ ባንድ ሲይዘው ሄደ። ችግሩ ታዲያ ዘፈኑ ነበር? እኔ እንደሆነ ማስተራቸውና ጠንካራ አሳታሚ በእጃቸው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አምስት ሂት ይኖራቸው ነበር ባይ ነኝ። ማስረጃ አለህ ወይ? የለኝም። እናንተስ ዕድል ብቻ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አላችሁ?

«ሬዲዮ ላይ ሲዘፈን ገንዘቡ ይገባላቸው የለ እንዴ?» የሚሉም አይጠፉም። የአሜሪካ ሕግ ጉድ ነው። ኤፍ ኤምና ኤ ኤም ጣቢያ ዘፈን ሲያጫውት ለደራሲውና የድርሰቱን መብት ለያዘው ይከፍላል፤ ለተጫዋቹ አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ያ ኦርጋን በየጣቢያው ስንት ሺህ ጊዜ እንደተንቆረቆረ አስቡት። ለጣቶቹ ባለቤት ሬዲዮኑ ምንም ዕዳ የለበትም። ከ1972 በፊት የተቀዱ ሥራዎችማ እስከ 2018 ድረስ የፌዴራል ጥበቃም አልነበራቸውም። በ2007 የማርቲኔዝ ቤት ተቃጥሎ ያጠራቀመው የባንዱ ቅርስ ሲወድም ወዳጆቹ የእርዳታ ኮንሰርት አዘጋጁለት። 1ኛ የወጣ ዘፈን የጻፈ ሰው መዋጮ ይዋጣለታል! ሎተሪውን ማን እንደበላው አሁን ገባችሁ?

የነሱ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ኪንግስመን የሚባሉት የፖርትላንድ ባንድ ልጆች በ1963 «ልዊ ልዊ»ን ቀዱ። በ1968 በተፈረመ ውል ከዘፈኑ ትርፍ 9 በመቶ ይደርሳችኋል ተባሉ። ምንም አልደረሳቸውም። በ90ዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ1998 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማስተሩ ይመለስላቸው የሚለውን ውሳኔ አጸናላቸው። ቆም ብላችሁ አስሉት። በወጣትነትህ የቀዳኸው ዘፈን ሊሰጥህ የሚገባው ጡረታ ስትቃረብ ነው?

ያ አዘጋጅ ቻናሉ ነገ ለሌላ ሰው ቢሸጥና ገዢው ቪዲዮዎቹን ሁሉ ቢቆልፋቸው፣ ከመሀል አንዱ ብቻ በየስልኩ ቢዞር፣ «ባለ አንድ ቪዲዮ» ብለን ልንስቅበት ነው? እንደማያስቀው እርግጠኛ ነኝ።

ወደ አዳራሹ ልምጣ። ደንቡ የመጀመሪያ ሥራህ ከወጣ 25 ዓመት ይሙላው ነው የሚለው። የጥያቄ ምልክቱ ባንድ በ1991 ሞልቶታል። ዴቭ ማርሽ የሚባለው የሙዚቃ ጸሐፊ ዝነኛው የፓንክ ባንድ ራሞንስ ገና ሳይመሠረት፣ በ1971፣ ክሪም መጽሔት ላይ እነዚህን ልጆች ፓንክ ሮክ፣ ያ ጥሬና ቁጡ የሮክ ዓይነት፣ ብሏቸዋል። አዳራሹ የፓንክ ባንዶቹን፣ ራሞንስን በ2002፣ ዘ ክላሽን በ2003፣ ሴክስ ፒስቶልስን በ2006 አስገባ። ልጆቹን አስገብቶ አባትየውን ውጭ አስቀረ፤ ማን ይቆጣጠረዋል?

«ብዙ ሥራ ያለው ይቅደም» ይሉናል። ብዙ ሥራ የሚሠራው በምን ላይ ነው? አሳታሚህ በዓመቱ ሲፈርስ፣ ቀጣዩ ባለቤት ቁልፉን ይዞ ሲሄድ፣ አንተ ሁለተኛና ሦስተኛ አልበምህን በአየር ላይ ልታሳትም ነው?

አዳራሹ ራሱ ሳያፍር አልቀረም፤ በ2018 አንድ ዘዴ አመጣ። አባል ያልሆኑ ባንዶችን ዘፈን ብቻ እናከብራለን አለ። ዘፈኑ ይግባ፣ የዘፈኑት ሰዎች ግን በር ላይ ይቁሙ ማለት ነው። «ልዊ ልዊ» በዚያ መንገድ ገባ፤ ኪንግስመን አልገቡም። ይህ ክብር ነው ተብሎም ተጨበጨበ። ለዚህች በር ላይ ለምታስቆም ክብር እንኳ ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዘፈኖች መካከል «ናይንቲ ሲክስ ቲርስ» የለም።